የመጽሐፍ ኪራይ በደሴ፦ ሁለት ልብ ወለዶችና አንድ መዝገብ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጎን፣ ያገለገሉ መጻሕፍትን የምትሸጥና የምታከራይ ጠባብ ሱቅ አለች። ከዚህ በታች ቅሬታም ስላለኝ ስሟን አልጠራም። ኪራዩ ለሳምንት 40 ብር፣ መያዣው 300 ብር ሲሆን ዋጋው የሚያማርር አይደለም። የክረምቱ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እርጥበት መጻሕፍቱን እንዳያገኛቸው ባለቤቱ የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ ያደርጉታል፤ ይህን ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየሁም።

የሱቋ ትልቁ ሀብት ግን የባለቤቱ ምክር ነው። ባለፈው ወር «የተገፋ ሰው በተራው ሌላውን እንዴት እንደሚገፋ ማየት ከፈለግህ እነዚህን ጎን ለጎን አንብባቸው» ብለው ሁለት መጻሕፍት ሰጡኝ።

አንዱ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ነው፤ በገጾቹ ጠርዝ ላይ አንድ ተማሪ የከበዱትን ቃላት በእርሳስ ተርጉሞበታል። ታሪኩ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ስለሚንከራተቱ የቀን ሠራተኞች ቢሆንም፣ እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያነበብሁት የፈረስ ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ብቻውን የሚያድረውን የክሩክስን ምሽት ነው። ክሩክስ ጥቁር በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር አያድርም፣ ማደሪያቸው ገብቶ ካርታም አይጫወትም። ጉልበቱ እንደ በሬ፣ አእምሮው ግን እንደ ሕፃን የሆነው ሌኒ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ ይህ ዕድሜ ልኩን የተገፋ ሰው «ጓደኛህ ጆርጅ ባይመለስስ?» እያለ ያስጨንቀዋል፤ በጭንቀቱም ደስ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ የእርሻው አለቃ ልጅ የከርሊ ሚስት ትመጣለች። እርሷም በመጽሐፉ ውስጥ የራሷ ስም እንኳ የላትም፤ ሆኖም ክሩክስ ከክፍሉ እንድትወጣ ሲነግራት፣ እርሷ ከፈለገች እርሱን ዛፍ ላይ ማሰቀል ቀላል እንደሆነ ታስታውሰዋለች። ክሩክስ ወዲያው ይኮማተራል፤ ለዛ በሌለው ድምፅ «አዎን፣ እመቤቴ» ከማለት በቀር ምንም አይቀረውም።

ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጀመሪያ ዓይኔን የጣልሁት ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥልጣኑ ስላላቸው ለዚህ ጥያቄ አይመቹም። ጥያቄውን ይዘው የቆዩኝ የበዛብህ ወላጆች ናቸው። ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው በታመመ ጊዜ፣ ከዳነ ሚስት ሳያገባ እንዲኖር ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል፤ ሞትን ማዘዝ ስላልቻሉ ክፉና ደጉን ባልለየ ልጅ ትዳር ላይ ይፈርዳሉ። ክሩክስ በክፋት ያደረገው አንድ ምሽት እንኳ ሳይሞላ ሲበርድ፣ እነርሱ በፍቅር ያሰሩት ስለት ልጁን እስከ ጉልምስናው ይከተለዋል። ባለቤቱ ሁለቱን መጻሕፍት ማጣመራቸው ትክክል የመሰለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ስታይንቤክን ብቻ ያነበበ ሰው ጉዳዩን የጭካኔ ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል።

ቅሬታዬ የመጣው መጻሕፍቱን ስመልስ ነው። ባለቤቱ ኮምቦልቻ ወርደው ነበርና መዝገቡ በረዳታቸው እጅ ነበር። ይህን ወጣት ከሳምንት በፊት፣ አንድ መጽሐፍ ያለ ቦታው አስቀመጥህ ተብሎ በደንበኞች ፊት ሲዋረድ አይቼዋለሁ። አሁን ግን መያዣዬን ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሥ» አለና የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ስሜ ከፊቱ ተጽፎ እያየሁት መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ማገላበጥ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ቆምሁ። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንሁ ይህን ጥበብ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ያን ዕለት ጠዋት አለቃዬ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መልሶብኝ ስለነበርም ትዕግሥቴ አጭር ነበር። «ለጋሼ ብነግራቸው ነገ እዚህ ቦታ አትገኝም» አልሁት። የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ሳንቲም አልጎደለም።

ስለዚህ ለሱቋ ያለኝ አስተያየት ይህ ነው፦ መጻሕፍቱ ደኅና ናቸው፣ የባለቤቱ ምክር ከኪራዩ በላይ ያወጣል፤ መመለስ የሚሻለው ግን እርሳቸው በሚገኙበት በጠዋት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሌላ መጽሐፍ ልከራይ ሄጄ ነበር፤ ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ደረሰኙን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ወንድሜ ማለቱን ትቷል። «እሺ፣ ጌታዬ» ነው ያለኝ።