ሚክሰር ወይስ ባለ ጎማ ቧንቧ? በሽንኩርት ሚዛን የተመዘነ ንጽጽር

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰው ይደውልልኛል። አንዱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤት እያስጨረሰ ነው። ሌላው የሚያከራያቸውን ክፍሎች እያደሰ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ያንን ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ልግዛ ወይስ ተራውን ቧንቧ?» ሚክሰር ማለት ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ውሃ በአንድ እጀታ የሚቀላቅለው ነው፤ ተራው፣ ባለ ጎማው፣ ውሃውን ውስጡ ባለ የጎማ ቁራጭ የሚዘጋው።

እኔ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም። ጣና ዳር ጀልባ እጠግናለሁ፤ ሥራዬ ፋይበር ግላስ ነው። የእህቴን ቤት ጉድ የሰማ ሁሉ ግን እኔን አዋቂ አድርጎኛል። እንግዲህ መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ባለ ጎማውን፣ የነሐሱን፣ እጅ ላይ ከበድ የሚለውን ግዙ። ምክንያቱን ማወቅ የፈለገ ይቀጥል።

እህቴ አራት የሚከራዩ ክፍሎች አሏት። ለአራቱም የእጅ መታጠቢያ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ገዛች። አንዱ 1,900 ብር፣ አራቱ 7,600። «ያብረቀርቃል፣ ተከራይ ይወደዋል» አለችኝ። እውነትም ያብረቀርቃል። በስምንተኛው ወር ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ቆየና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። የአንዱ ሚክሰር አንገት፣ ፍሌክሲብሉ (ውሃ የሚያመጣው ተጣጣፊ ቱቦ) የሚገባበት ጥርስ ላይ፣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ተከራዩ ተማሪ ነው፤ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቶ ነበር የተኛው። የቀረውን ገምቱት።

«ወንድሜ ድረስልኝ» ብላ ደወለች። በባጃጅ 150 ብር ከፍዬ ሄድኩ። ዋናውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ልዝጋ ብል ዝጎ አልዞር አለ። በመጨረሻ ቆጣሪው ጋ ሄጄ ዘጋሁት።

ጠዋት የተሰበረውን ሚክሰር ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩና በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ለሁለት ቆረጥኩት። ላዩ እንደ መስታወት ነው። ውስጡ ግራጫ፣ በጥፍር ሲነኩት ዱቄት የሚል፣ አሮጌ ኖራ የመሰለ ነገር። ዚንክ ነው፣ ላዩን ክሮም የተቀባ። ከጎኑ ከአባቴ ቤት የነቀልኩትን አሮጌ ቧንቧ ቆረጥኩ። ውስጡ ቢጫ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነሐስ። ሰጌቶው ራሱ ድምፁ ይለያያል፤ ዚንኩ ላይ እንደ አይብ ሄደ፣ ነሐሱ ላይ አላበኝ።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሰው «ርካሹ 1,900፣ ከባዱ 4,800፤ ምን አገባኝ ርካሹን እገዛለሁ» ይላል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ደንበኛዬ ጋ ሄድኩ። ሚዛኗ ላይ አስቀመጥኳቸው። ርካሹ ሚክሰር 430 ግራም። የነሐሱ ሚክሰር 1 ኪሎ ከ150። አካፍሉት። ርካሹ በግራም 4 ብር ከ42 ሳንቲም ይወጣል፤ ውዱ በግራም 4 ብር ከ17። ርካሽ ያልነው በሚዛን ሲታይ ውድ ሆኖ አረፈው።

ለተራው ባለ ጎማ የነሐስ ቧንቧ ደግሞ 850 ብር ነው የተጠየቅኩት። ጎማው ሲያልቅ አዲሱ 15 ብር ነው። እኔ እሱንም አልገዛም፤ ባሕር ዳር ብስክሌት በሽ ነው፣ ከአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ በምላጭ ክብ ቆርጬ ደርቤ አስገባለሁ። በቁልፍ ፈታ፣ አውጣ፣ ክተት፣ አጥብቅ። አሥር ደቂቃ። ባለሙያ አይጠራም።

የእህቴ አንዱ ሚክሰር ከመሰበሩ በፊት ሁለት ጊዜ ካርትሬጅ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል፣ ተቀይሮለታል። ካርትሬጁ 450፣ ለባለሙያው 400። ሁለቴ ሲሆን 1,700። ከመግዣው ጋር 3,600 ብር፣ ለስምንት ወር! ፍራሹን አልቆጠርኩም።

እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። ሚክሰሩ እንደ ፈጠራ ድንቅ ነው። አልፍሬድ ሞኤን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1937 ገና ተማሪ ሳለ እጁን ሊታጠብ ባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ ከፈተ። ትኩሱ ውሃ እጁን አቃጠለው። ከዚያ በኋላ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ የሚቀላቅል ቧንቧ ሲነድፍ ሲሰርዝ ዓመታት ፈጀ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተሸጡ። ሰውየው በሕይወቱ ከ75 በላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አስመዝግቧል። ሲያልቅ ከነነፍሱ ተነቅሎ የሚቀየረውን ካርትሬጅ ያመጣውም እሱ ነው።

እስቲ አስቡት። የሰውየው ችግር ትኩስ ውሃ ነበር። የእህቴ ተከራዮች ትኩስ ውሃ አላቸው? የላቸውም። ባለሙያው ሲገጥም የሚክሰሩን የትኩስ መግቢያ በታፖ ደፍኖ ነው የሄደው። እጀታው ወደ ግራ ሲዞር ምንም የለም፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀዝቃዛ። ሞኤን አርባ ጊዜ አስቦ የሠራውን ነገር ገዝተን ግማሹን ዘጋነው ማለት ነው። ለዚህ ነው 1,900 ብር የተከፈለው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሮቶ ነው። ብዙዎቻችን ውሃ የምናገኘው ከሮቶ ነው። ውሃ በአሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ሮቶዋችሁ ከቧንቧው አራት ሜትር ከፍ ካለ 0.4 ባር ብቻ ነው ያላችሁ። ከሚክሰሮቹ ብዙዎቹ ግን ግማሽ ባር፣ አንዳንዶቹም አንድ ባር ይፈልጋሉ፤ ካርቶኑን አንብቡት። ውስጣቸው ጠባብ ነው፣ አፋቸው ላይ ደግሞ ወንፊት አለ። ውጤቱ እንደ ሕፃን ሽንት ቅጥን ያለ ውሃ ነው። ባለ ጎማው ቧንቧ ሲከፈት ግን ቀዳዳው ወለል ይላል። ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ቆማችሁ ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ሦስተኛው ደለል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ካርትሬጁ ውስጥ ሁለት የተወለወሉ የሴራሚክ ሳህኖች እላይ በላይ ይንሸራተታሉ። ሴራሚኩ ራሱ ጠንካራ ነው። የሚሸነፈው መሃላቸው በምትገባው አሸዋና ዙሪያውን በያዘው ቀጭን ጎማ ነው። እጀታው ይከብዳል፣ ሰው በጉልበት ይገፋዋል፣ ከዚያ መንጠባጠብ ይጀምራል። ካርትሬጅ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ «35 ነው 40?» ትባላላችሁ። በሚሊ ሜትር ነው። ዋነኞቹ ልኮች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የእህቴ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ሁለቴ የተቀየረላት ባለሙያው ጎማ እየጠቀለለ አስገድዶ ያስገባው ነበር። ሞኤን ካርትሬጁን የሠራው ሰው አካሉን ሳይነቅል ውስጡን ብቻ እንዲቀይር ነበር። መለዋወጫው ገበያ ላይ ከሌለ ግን ያ ፈጠራ ለናንተ እንዳልተፈጠረ ቁጠሩት።

አንድ ወዳጄ «ታዲያ እነዚህ ኮፒዎች ሕገ ወጥ አይደሉም ወይ?» አለኝ። አይደሉም፣ ቢያንስ በሐሳቡ ደረጃ። ፓተንት ዕድሜ አለው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው እዚሁ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ አምስት ዓመት ይጨመርለታል። እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ ንድፍ ዛሬ የማንም ነው። ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ማንም ቢሠራ ነውር የለውም። ፓተንቱ የሚናገረው ውሃው እንዴት እንደሚቀላቀል ነው፤ በምን ብረት እንደተሠራ የሚጠብቅላችሁ የለም። የታወቀ ድርጅት ስም ለጥፎ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ከስሙ አንድ ፊደል የጎደለው ሳጥን አይቻለሁ። ልጁን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ያው ነው» አለኝ።

ስትገዙ ይህን አድርጉ። ቧንቧውን ገልብጣችሁ ጥርሱን ከውስጥ በኩል በሞረድ ወይም በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። ማንም አያየውም። ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው። ግራጫ ከሆነ መልሱት። ባለ ሱቁ አላስነካም ካለ እሱም መልስ ነው።

ሚክሰር ፈጽሞ አትግዙ እያልኩ ግን አይደለም። ቦይለር ካላችሁ፣ ውሃው በፓምፕ ከሆነ፣ በተለይ ሻወር ላይ፣ የ4,800ውን ግዙ። ካርትሬጁ 35 ወይም 40 መሆኑን እዚያው አስፈትታችሁ እዩ፤ አንድ ትርፍ ካርትሬጅ አብራችሁ ያዙ። በመካከለኛ ዋጋ፣ ሦስት ሺህ አካባቢ፣ የሚሸጡት ደግሞ አካላቸው ነሐስ ሆኖ አንገታቸው ዚንክ የሆነ አጋጥመውኛል። እነሱ ይበልጥ ያናድዱኛል።

ስለ ሻወር ትሬይ፣ ሻወር ሥር ስለሚነጠፈው መቆሚያ፣ ደግሞ ዝም ብል ሙያዬ ይታዘበኛል። አዳልቼ ነው የምናገረው፣ እወቁት።

ፋይበር ግላስ ማለት ጭቃና ጭድ ነው። ጭቃ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም፤ ሲቦካ ግን ግድግዳ ይሆናል። ጭዱ የመስታወት ክር ነው፣ ጭቃው ሬዚን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ። የመስታወት ክሩን በብዛት ማምረት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ጌምስ ስሌይተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ለሙቀት መከላከያና ለአየር ማጣሪያ ነው። ጀልባና መታጠቢያ ቤት የገባው ሬዚን ካገኘ በኋላ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ከላይ የሚያምር ቀጭን አክሪሊክ (ፕላስቲክ) ነው፤ ከሥሩ ለስሙ ያህል ትንሽ ፋይበር የተረጨበት። ለሱ 7,500 ተጠይቄያለሁ። ሌላው ማት (የመስታወት ክር ንጣፍ) በእጅ እየተነጠፈ የተሠራ ወፍራም ፋይበር ግላስ ነው፤ 9,000። ላዩ ትንሽ ሸካራ ነው፣ ሚስት አትወደው ይሆናል። እሱን ግዙ።

መፈተሻው ጀርባው ላይ ነው። ገልብጡት። የመስታወት ክሩ ተጋድሞ መታየት አለበት። ጀርባው ልሙጥ ነጭ ቀለም ከተቀባ ተጠራጠሩ። ሬዚን ለመቆጠብ ነጭ ዱቄት የሚያበዙ አሉ፤ ይከብዳል፣ ወፍራም ይመስላል፣ ግን ደረቅ ጭቃ ነው። በጣት አንጓ አንኳኩት፤ አንዱ ጋ ድፍን፣ አንዱ ጋ ባዶ ድምፅ ካወጣ አየር ይዟል። ከዚያ ጫማ አውልቃችሁ ቁሙበት። ባለ ሱቁ ይስቅ፣ እናንተ ቁሙ። መሃሉ ከረገበ ሥሩን በስሚንቶ ካልደገፋችሁት ዓመት አይሞላም።

የጓደኛዬ ትሬይ መውጫው አጠገብ ተሰንጥቆ ነቅሎ አመጣልኝ። በጀርባው ስንጥቁን በድንጋይ ሞርጄ አሰፋሁት፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ሬዚን በጣሳ ቀዳሁ፣ ካታሊስት (ሬዚኑን የሚያደርቀውን) ጠብ ጠብ አደረግኩ፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ጣሳው እጄ ላይ መሞቅ ሲጀምር መቸኮል አለብኝ። ሁለት ድርብ ማት፣ በብሩሽ እየደቆስኩ ነጫጭ የአየር አረፋዎቹ እስኪጠፉ። ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ሆነ። ዕቃው 1,200 ብር ወጣበት። ቀጭኑ አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ 7,500 እንደገና ነበር።

ብቻ ስንጥቅ ስታዩ አታቆዩት። ታንኳ ደንገል ነው፤ ውሃ ቢጠጣ ዳር ላይ ታቆሙታላችሁ፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ፋይበር ግላስ ላዩ ተሰንጥቆ ውሃ ወደ ክሩ ከገባ በቀላሉ አይደርቅም፤ ያብጣል፣ ይላላጣል። ጀልባ ላይ በየዓመቱ የምታገለው ከሱ ጋር ነው።

እህቴ የቀሩትን ሦስት ሚክሰሮች አስነቅላ አራቱንም በባለ 850ው ቀየረች። 3,400 ብር። ለራሷ ቤት ግን ሚክሰሩን ገዛች፣ የነሐሱን፤ ቦይለር አላት። ከመግዛቷ በፊት እኔን አስከትላ ገበያ አስመዘነችው። ሽንኩርት ሻጯ ገና ከሩቅ ስታየን ሚዛኗን ጠረገችና «ዛሬስ ስንት ኪሎ ቧንቧ ነው?» አለች።