የአፊሊየት ኮሚሽናችንን ላስተካከለችልን ፕሮግራመር ምስጋና

ኦንላይን በወርሃዊ ክፍያ የምትሠሩ ሰዎች፣ ይህን ጥቆማ ያዙልኝ።

እኛ ከሜሪላንድ ሆነን ለልጆች አማርኛ በኦንላይን እናስተምራለን። ተማሪ የሚያመጡልን በብዛት እናቶች ናቸው። የየራሳቸውን ሊንክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቃሉ። በሊንኩ የገባው ቤተሰብ በከፈለ ቁጥር፣ በየወሩ፣ ኮሚሽን (አፊሊየት የሚባለውን) ልንሰጣቸው ቃል ገብተናል። ግን የመጀመሪያው ወር ብቻ ይመዘገብና ቀሪው ይጠፋ ነበር። «እህቴ፣ ያመጣኋት ልጅ እኮ እየተማረች ነው» ሲሉኝ መልስ ማጣቴ ያንገበግበኝ ነበር።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ፕሮግራመር ጠቆመችኝ። ልጅቷ ኮድ ሳትነካ በፊት የጠየቀችኝ «ክፍያው በምን ይገባል? ገንዘብስ ትመልሳላችሁ?» ብላ ነው። ከዚያ ችግሩን ቁልጭ አድርጋ አሳየችኝ። ሶፍትዌራችን ክፍያን የሚያውቀው «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ላይ ባለች አጭር ኮድ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ካርዱ በራሱ ይቆረጣል፤ ያንን ገጽ የሚከፍት ሰው የለም። በዚያ ላይ የአይፎኑ ማሰሻ ሳፋሪ እንዲህ ባለ ኮድ የተቀመጠ ኩኪን (ማን እንዳመጣው የሚይዘውን ትንሽ ፋይል) ከ7 ቀን በላይ አያቆይም። ሊንኩን ዛሬ ነክቶ ደመወዝ ሲደርስ የሚመዘገብ አባት ማን እንዳመጣው ይጠፋል። ገንዘብ ሲመለስ ደግሞ ኮሚሽኑ ሳይቀነስ ይቀራል።

የመረጠችልን ዌብሁክ ነው። ክፍያ ሲገባ፣ ሲታደስና ሲመለስ የካርድ ክፍያ የምንቀበልበት ስትራይፕ ራሱ ለሰርቨራችን መልእክት ይልካል። ጥበቧን ያየሁት እዚህ ላይ ነው፦ ተማሪ ያመጣችውን እናት መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር ሳይሆን ከደንበኛው መዝገብ ጋር አያያዘችው። በሚቀጥለው ወር የሚገኘው ደንበኛው ነዋ! አንድ መልእክት ሁለቴ ቢመጣም ኮሚሽኑ እንዳይደገም የእያንዳንዱን መልእክት ቁጥር ታስመዘግባለች። ኩኪውንም ከራሳችን ሰርቨር እንዲቀመጥ አደረገችው። ሁሉንም በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች በቀጥታ በሚነጋገሩበት መንገድ) እንደ አዲስ መሥራት ለእሷ የበለጠ ገንዘብ ነበር፤ «ለእናንተ አያስፈልግም» ብላ ተወችው። ይህን የሚል ባለሙያ ስንቱ ነው?

ሥራውን ስታስረክበኝ በቪዲዮ አብረን ሞከርነው። በ4242 በሚጀምረው የመሞከሪያ ካርድ ከፈለች። የስትራይፕን የሙከራ ሰዓት አንድ ወር ወደፊት ገፋችው። ማንም ገጽ ሳይከፍት የሁለተኛው ወር ኮሚሽን በእናትየዋ ስም ቁጭ አለ። ገንዘቡን ስትመልሰው ኮሚሽኑም ተቀነሰ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቶቹ የቀረባቸውን ኮሚሽንም ከስትራይፕ መዝገብ አውጥታ ስለሰጠችኝ ለሁሉም ከፍለናል።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ሐቀኝነትሽንም ያብዛልሽ።

ስሟን በአደባባይ አልጻፍኩም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በኢትዮጵያው የክፍያ መንገድ በቻፓ ለምትሸጡም ትሠራለች። ዋጋዋን ሥራውን አይታ ቀድማ ትናገራለች፤ በኋላ ጭማሪ የለም።