ኢንዲያን ቺፍ ወይስ ሃርሊ ነክልሄድ?

ሁለቱም የድሮ የአሜሪካ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ክላቻቸው በእግር፣ ማርሻቸው በእጅ ነው፤ ዛሬ የለመድነው ተገልብጦ ማለት ነው።

ነክልሄድ (ከ1936 እስከ 1947 እ.ኤ.አ.) ቫልቮቹን (አየርና ነዳጅ የሚያስገቡትን፣ ጭስ የሚያስወጡትን በሮች) ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ አናት ላይ አወጣቸው። ጉልበቱ ከዚያ ነው። ስሙን ያገኘው ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ የተጨበጠ ቡጢ አንጓ (በእንግሊዝኛ ነክል) ስለሚመስል ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን ዘይት በማንጠባጠብ ይታማሉ፤ ሱሪህን ጠብቅ!

ቺፍ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ናቸው። አሠራሩ ቀለል ያለ ነው፤ ሩጫው ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ። በብዙዎቹ ላይ ነዳጅ የሚሰጠው በግራ እጅ ስለሆነ ጀማሪ መደናበሩ አይቀርም። ከ1940 ጀምሮ የመጣው፣ ጎማውን እንደ ቀሚስ የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ግን ልብ ይሰርቃል።

ለፍጥነት ነክልሄድ። ለእሁድ ሽርሽር ከሆነ፣ እኔ ቺፍ ላይ ነኝ።