ደሴ ላይ ሞተር ስታሠሩ ጎማው ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ

ዘንድሮ ከጀርመን ለ3 ሳምንት ደሴ ገብቼ ነበር። የወንድሜን ሞተር ሳይክል ተውሼ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከፊት ጎማ «ኡውው» የሚል ድምፅ ጀመረኝ። ፍጥነት ስጨምር አብሮ ይጨምራል። ፍሪሲዮን ይዤ ጋዙን ለቀቅኩት፤ ድምፁ እንዳለ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከጎማው እንጂ ከሞተሩ አይደለም።

ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ጎማውን ከመሬት እንኳ አላነሳውም። ጃኬቴን አየና «ቸርኬው ጠሟል፣ ከነኩሽኔታው ይቀየራል፣ 6,500 ብር» አለኝ። ቸርኬ ማለት የጎማው ብረት ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ጎማው በዘንጉ ላይ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት። ተከራክሬ 4,800 ላይ ተስማማን። «አብሽሩ ጋሼ፣ ነገ ይምጡ።» ነገ መብራት የለም። በማግስቱ ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል፤ ለቅሶ ነውና ምን ይባላል። በ4ኛው ቀን ስመጣ ሞተሯ ካቆምኳት ቦታ ንቅንቅ አላለችም፣ ወንበሯ ላይ ድመት ተኝታለች። በ6ኛው ቀን «አልቋል» ተባልኩ። ቸርኬው ያው የድሮው ነው። «ቀና አድርገነዋል» አሉኝ፤ ብሩ ግን አልቀነሰም። አሮጌውን ኩሽኔታ አሳዩኝ ስል «ጣልነው»። የምኖርበት ጀርመን እኔ የማሠራበት ጋራዥ የተቀየረውን ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልሃል። ወንድሜ ሳቀብኝ፦ «አንተን ማን ተናገር አለህ? እኔን አትልከኝም ነበር?»

ሁለት ቀን ሳይሞላ ድምፁ ተመለሰ። አሁንስ መሪውም ይንቀጠቀጣል።

ኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ ተባልኩና ወረድኩ። መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን አስይዘው ሞተሯን ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረጓት። «የመሪው ኩሽኔታ ደህና ነው።» ቀጥለው የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው «ላይና ታች ያዝና ነቅንቀው የኔ ልጅ» አሉኝ። ቋ፣ ቋ ይላል። ፔርኖውን፣ ማለት ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ አወጡና ጣቴን ኩሽኔታው ውስጥ አስገብቼ እንዳዞረው አደረጉ። አሸዋ የሞላበት ያህል ይከረክራል። ሁለት ቀን ያልሞላው አዲስ ኩሽኔታ!

ምክንያቱ ወዲያው ታየ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የሚገባው የብረት ቱቦ የለም። እነዚያ ልጆች ረስተውት ወይ ጠፍቶባቸው ይሆናል። ቱቦው ከሌለ የፔርኖው ዳዶ በተጠበቀ ቁጥር የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ኳሶቹ ታፍነው ያልቃሉ። ሽማግሌው ልጅ ወደ ቶርኖ ቤት ልከው አዲስ ቱቦ በልኩ አስቆረጡ። አዲሱን ኩሽኔታ ሲያስገቡ በመዶሻ ቀጥታ አልመቱትም። የውጭው ቀለበት ላይ ብቻ የሚያርፍ ቡሶላ (የቁልፍ ራስ) ደግፈው ቀስ ቀስ እያሉ አስገቡት። ውስጡን ከመታኸው ገና ሳይዞር ይጎዳል አሉ።

ሁለት ኩሽኔታ፣ ቱቦው፣ የእጅ ዋጋ፣ ሁሉም 1,700 ብር። ሻዩን ራሳቸው ናቸው የከፈሉት። ፔርኖውን ከማስገባታቸው በፊት አዲሱን ኩሽኔታ በጣታቸው አዞሩና ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ፤ እኔም ጠጋ አልኩ። ምንም አይሰማም።

አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። እናቴ ከበርበሬው ጋር ሻንጣ ውስጥ አግኝታቸው «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» አለችኝ።