ስምንት ወር ከትንሿ ኮሞዶር ጋር
ካርቶኑን እንደከፈትን ልጄ መጀመሪያ የነካችው ኪቦርዱን ነው። አንዱን ቁልፍ ተጫነች፣ አልገባም። ሌላውን ሞከረች። «አባዬ፣ ተሰብሯል መሰለኝ» አለችኝ።

አልተሰበረም። ደ ሲ64 ሚኒ የድሮው ኮምፒውተር የኮሞዶር 64 ትንሽ ቅጂ ናት፤ ላይዋ ላይ ያሉት ቁልፎች ለዓይን ብቻ ናቸው፤ የሚጫን ነገር የላቸውም። ስገዛት ይህን አውቅ ነበር። ቢሆንም ልጅቷ ጣቷን ይዛ ስታየኝ ትንሽ አፈርኩ።

የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ሃምሳን የተሻገረ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ፣ «ኮሞዶር 64» በሉትና ፊቱን እዩት። ከቅርጹ ተነስተው «ብሮትካስተን» ይሉታል፣ የዳቦ ሣጥን ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 595 ዶላር፣ ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ አትገባበትም። ሚኒዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣች፣ በቁመትም በወርድም የዋናውን ግማሽ የምታህል ናት። እኔ ያገለገለች ነው ያገኘሁት፣ በ40 ዩሮ።

እውነቱን ለመናገር እኔ የኮሞዶር ትዝታ የለኝም። በኛ ሰፈር የነበረው በባትሪ የሚሠራው ቴትሪስ ነው፣ እሱም ተራ ተጠብቆ። ስለዚህ «ልጅነቴን መለሰችልኝ» የሚል ግምገማ ከኔ አትጠብቁ።

መግጠሙ ቀላል ነው። የኤችዲኤምአይ ገመድ አብሮ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ላይ መሰካት ብቻ። የመብራቱ ገመድ አለ፤ መሰኪያው ግን የለም። የድሮ ስልክ ቻርጀር ፈልጌ ሰካሁት፣ ሠራ።

ውስጧ 64 ጌም አለ። ኢምፖሲብል ሚሽንን ስንከፍት ሁለታችንም ደነገጥን፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራ ጌም በሰው ድምፅ ያወራል! ሙዚቃውም ቢሆን ከሦስት ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ግን ወጥ እየሠራሁ ሳላውቀው ሳንጎራጉረው እገኛለሁ። ካሊፎርኒያ ጌምስ ለሁለት ሳምንት ያህል አጣላን። ጨዋታውን ባለበት ማስቀመጥ ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ ጌም አራት ቦታ አለ። ጥሩ ነው፤ የዚያ ዘመን ጌም ምሕረት አያውቅምና። ጆይስቲኩን አልወደድኩትም፣ ለልጅ እጅ ደንደን ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ወደ ታብሌቷ ተመለሰች፣ ሚኒዋም አቧራ መጠጣት ጀመረች። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «አትግዙ» እላችሁ ነበር። ለጌሙ ብቻ ከሆነ ኮሞዶርን አስመስሎ የሚሠራውን ቫይስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ መጫን ይበቃል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ነው። ስትሰኩበት ሚኒዋ ኮምፒውተር ትሆናለች። ከጌሞቹ ዝርዝር ውስጥ ቤዚክን (ፕሮግራም የሚጻፍበትን ቋንቋ) ስትመርጡ ሰማያዊ ገጽ ይከፈትና «ሬዲ» ብሎ ይጠብቃችኋል። ችግሩ የዩኤስቢ ቀዳዳው ሁለት ብቻ ነው። ጆይስቲኩ አንዱን፣ ኪቦርዱ ሌላውን ይይዛል፤ የጻፋችሁትን ፍላሽ ላይ ለማስቀመጥ የግድ ሀብ (ቀዳዳ ማብዣ) መግዛት አለባችሁ። ሌላ ወጪ።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ትማራለች፣ ስልችት እያላት። ኮሞዶሩ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 የነጥብ ሰሌዳ ነው፣ ሰሌዳውንም ራስህ መቀየር ትችላለህ። ካሬ ደብተር አወጣንና «ሀ»ን ሣልን። የመጀመሪያዋ ነጥብ ዋጋ 128፣ ቀጥሎ 64፣ ቀጥሎ 32፣ እንዲህ እያለ 1 ድረስ ይወርዳል። የ«ሀ» ሁለቱ ቋሚዎች 64 እና 2 ላይ ስለዋሉ ድምሩ 66 ነው። አምስት ጊዜ 66፣ ከታች ለመዝጊያው 60። ቁጥሮቹን «ፖክ» በሚባለው የቤዚክ ትእዛዝ ሚሞሪው ውስጥ አስገባናቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ «ሀ» ብቅ ስትል ልጄ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማው አይቀርም።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁት። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ማሽኑ በአንድ ገበታ 256 ምልክት ይይዛል። ልክ ለኛ የተሰፋ ይመስላል! (ዲቃሎቹን ከጨመርን ግን ያጣብባል።) አንድ ጣጣ አለ፦ ብልጭ ድርግም የምትለው ጠቋሚ የገበታውን ሁለተኛ ግማሽ ነው የምትጠቀመው። እዚያ ፊደል ስትሞሉበት ጠቋሚዋ ራሷ ፊደል ሆና ትቀራለች። ልጄ ይህን ከጌሙ ሁሉ አብልጣ ነው የወደደችው።

እንግዲህ ትገዛ ወይስ አትገዛ ላላችሁኝ፦ እንደኔ በርካሽ ካገኛችሁና ቤት ውስጥ ትርፍ ኪቦርድ ካለ፣ ግዙ። በሙሉ ዋጋ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የወጣውን ትልቁን ደ ሲ64 ፈልጉ። ቁልፎቹ የእውነት ናቸው፣ የዩኤስቢ ቀዳዳውም አራት ነው። ዛሬ ብገዛ እሱን ነበር የምገዛው። መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ ሚኒዋ ታምራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ቁልፉን ይነካል።

እኛ ባለፈው ቅዳሜ «ሸ»ን ጨርሰን «ቀ» ላይ ደርሰናል። «ጨ» በስምንት ነጥብ እንዴት እንደምትሣል ገና አልገባኝም።