የወይራ ዘይት አላችሁ? ሐዋሳ ላይ ሦስት ቤት ዞረን

እኛ ወይራን የምናውቀው በጭሱ ነው። እናቴ ጋኗን በወይራ እያጠነች ጠላ ስትጠነስስ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ዘይቱ ሰላጣ ላይ እንደሚፈስ ያወቅኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሜዲትራኒያን» የሚል ሜኑ ይዞ የሚጠብቀኝን ቤት መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የወይራ ዘይት አላችሁ?

ሰሞኑን ከባለቤቴ ጋር ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ሦስት ቤት ዞርን። የትም ገብተን ያዘዝነው ተመሳሳይ ነው፦ አሳ፣ ሁሙስ (ከሰሊጥ ጋር የተፈጨ ሽምብራ) ካለ ሁሙስ፣ አንዳንድ ብርጭቆ ወይን። ስማቸውን አልጠራም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገም እዚያው ነው የምበላው።

የመጀመሪያው ቤት ፎቅ ላይ ነው ያለው። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ ሜኑው በፎቶ የተሞላ። አሳ አዘዝን።

«አሳ ዛሬ አልገባም እህቴ» አለኝ አስተናጋጁ።

ከትከሻው ኋላ፣ በመስኮቱ፣ ሐይቁ ተዘርግቶ ይታየኛል። የአሳ ገበያው አሞራ ገደል በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ጠዋት ጠዋት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ ድርሻቸውን ሳይወስዱ አይሄዱም። ባለቤቴ እንዳይስቅ ፊቱን ወደ ሜኑው መለሰ።

ሁሙሱ መጣ። ሽምብራው በደንብ አልተፈጨም፣ ላዩ ላይ የፈሰሰው ደግሞ ተራ የሱፍ ዘይት ነው። ቀዩን ወይን ቀምሼ «መቼ ነው የተከፈተው?» አልኩት። ልጁ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስቶ አገላበጠው፣ ቀኑ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። «ቅዳሜ መሰለኝ።» ያ ቀን ሐሙስ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ በሐዋሳ ሙቀት አምስት ቀን የቆመ ቀይ ወይን ወደ ኮምጣጤ ቢጠጋ አይደንቅም። የሚያናድደው ሒሳቡ ነው። የተለመደው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 150 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። እዚህ ቤት የሦስት ብርጭቆ ዋጋ ጠርሙሱን ይገዛል። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ጠርሙስ አዝዛችሁ ፊታችሁ አስከፍቱ።

የፒያሳው ቤት ሜዲትራኒያን ነኝ ብሎ አያውቅም፤ እኔ ነኝ በግድ ያስገባሁት። ፓስታ በስጎ፣ ላዛኛ፣ ኮተሌት፣ አሳ ፊሌቶ። የጣሊያን ቃል መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ አፋችን ላይ የቆዩ ምግቦች ናቸው። ሁሙስ አልነበረም፣ እኔም አልፈለግኩትም። የተለመደውን ጥያቄዬን ስጠይቅ አስተናጋጇ ግራ ገባት።

«የወይራ ዘይት? የፀጉሩን ነው?»

ወደድኳት። ፊሌቶው ትኩስና ደረቅ ብሎ የተጠበሰ ነበር፣ ሎሚውም አልተቆጠበም። ፓስታው እንደ ልማዳችን ከልክ በላይ በስሏል፤ ባለቤቴ እንደዚያ ነው የሚወደው፣ በዚህ ጉዳይ ከተጋባን ጀምሮ አልተስማማንም። ወይን ጉደር አለ፣ በጠርሙስ ብቻ። አጠገባችን የተቀመጡት በአምቦ እየበረዙ ይጠጡ ነበር፤ ባለቤቴም አየና ተከተላቸው። ወይን አዋቂ ነን የሚሉ ይንጫጩ እንጂ እኩለ ቀን ላይ በዚያ ሙቀት እኔም ሁለት ጉንጭ ቀምቼዋለሁ።

ሦስተኛው ሐይቅ ዳር ያለችው ጠባብ ቤት ናት። ስድስት ጠረጴዛ ቢኖራት ነው። ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ከመሸ ትንኙ አያስቀምጥም፣ ምግቡ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ጠብቀናል። ይህን ሁሉ ያስረሳኝ አሳው ነው።

ቆሮሶ ነው፣ ሙሉው፣ ከነጭንቅላቱ። ጎንና ጎኑ ሦስት ሦስት ቦታ ተተልትሎ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ተሰግስጓል። ዘይት ውስጥ አልተነከረም፣ ፍም ላይ ነው የተጠበሰው። ቆዳው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጠቁሮ ተኮማትሯል፤ በሹካ ስነካው ሥጋው ከአጥንቱ ነጭ ሆኖ በቁራጭ በቁራጭ ለቀቀ። ከላይ ሎሚና የወይራ ዘይት ፈሶበታል። እውነተኛው ነው፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ቆንጠጥ የሚያደርገው። አጠገቡ በትንሽ ሳህን ዳጣ አስቀምጠዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ዳጣው ምን አገባው ይል ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ አሳውን ብቻውን በላሁ፣ ከዚያ በዳጣ፣ ከዚያ ባለቤቴ የተረፈውን ከእጄ ቀማኝ።

ሁሙሱም ሰሊጡን ራሳቸው ቆልተው የሚፈጩት ነው፣ ሽታው ይናገራል። የሽምብራና የሰሊጥ አገር ሆነን ይህን ነገር በቆርቆሮ የሚያስመጡ ቤቶች ያስገርሙኛል። ወይኑ ከዝዋይ የሚመጣው የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ነበር፣ በበረዶ ባልዲ። እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ሲውል የአገር ውስጥ ወይን ጣፋጭ ካልሆነ አይጠጣም የሚሉ ወዳጆች ነበሩኝ። ከአሳው ጋር ቢያቀምሷቸው ደስ ይለኝ ነበር። ወይኑ የበቀለበት እርሻ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ ስንሄድ በከተማው በኩል ነው የምናልፈው።

ሒሳቡ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን አይጨምርም፣ ሰርቪስም ለብቻው ይታሰባል፤ ይህን የሚነግረው ጽሑፍ ሜኑው ጀርባ ላይ በጉንዳን ፊደል ነው ያለው። ስጠይቅ ልጅቷ አፍራ «ብዙ ሰው ይቆጣናል» አለችኝ። ከፊት ለፊት ይጻፉት።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሁሙስና የተጠበሰ ደበርጃን አለ። ቆሮሶው ምሽት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ቀደም ብላችሁ ደውሉና አስቀምጡልን በሉ።