ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ያልዳነውን ኮምፒዩተራችንን ላዳነልን የሐዋሳ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ኮምፒዩተር ለሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁ የከተማችን ነዋሪዎችም እርሱን ለመጠቆም ነው። ስሙ እንዳይጠቀስ ስለለመነኝ ፈቃዱን አክብሬአለሁ፤ ሥራው ሳይነገር እንዲቀር ግን ኅሊናዬ አልፈቀደም።

የቤታችን ኮምፒዩተር ባለቤቴ የተማሪዎቿን ውጤት የምትመዘግብበት፣ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅበት፣ እኔም የዕድራችንን ሒሳብ የምይዝበት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ብሮውዘሩን በከፈትን ቁጥር ያልመረጥነው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣ ጀመር፤ በስክሪኑ ጥግም «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ልጆች ሊያዩት ከማይገባ ማስታወቂያ ጋር እየተፈራረቀ ብቅ ይል ነበር። ወደ አንድ ጥገና ቤት ሁለት ጊዜ ወሰድነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም በዲስኩ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ ተመለሰልን። በመጀመሪያው የሟች እናቴ ፎቶግራፎች አብረው ጠፉ፤ ማስታወቂያው ግን ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ።

ይህ ወጣት ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀን። ፎርማት ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ ምን እንዳደረግን ሲጠይቅ፣ ልጄ በኢሜይል አካውንቷ ወደ ብሮውዘራችን ክሮም እንደገባች ነገረችው። «ጋሼ፣ እንግዲያው ዲስኩን ብቻ ማጽዳት አይበቃም» አለኝ። ክሮም በአካውንት ሲገባበትና ሲንኩ፣ ማለትም የብሮውዘሩን ይዘት በአካውንቱ የሚያስቀምጠው አገልግሎት፣ ክፍት ሲሆን ቀድሞ የነበሩትን ኤክስቴንሽኖች፣ በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ራሱ መልሶ ይጭናል፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ፒዲኤፍን ወደ ወርድ እቀይራለሁ የሚለው፣ የመፈለጊያ ገጻችንን ሲቀይር የኖረው ነበር። ችግሩ በልጄ አካውንት ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀን ዲስኩ ሁለት ጊዜ በከንቱ ተጠረገ ማለት ነው። በጥግ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከቤታችን አንዳችን በአንድ ድረ ገጽ ላይ «ፍቀድ» የሚለውን ስለተጫንን የሚላክ ኖቲፊኬሽን እንጂ ቫይረስ አልነበረም፤ ከብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ፈቃዱን ሲሰርዘው ወዲያው ቆመ።

የከፋው ከዚያ በኋላ ተገኘ። ጥገና ቤቱ ኦፊስን በክራክ፣ ማለትም ያልተገዛን ፕሮግራም እንደተገዛ በሚያስመስል መሣሪያ፣ ሲጭንልን፣ ክራኩ እንዳይያዝ ብሎ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር ዊንዶውስ የተጫነበትን ሲ ድራይቭ በሙሉ እንዳይፈትሽ አድርጎት ኖሯል። ዘበኛ ቀጥሮ ዓይኑን በጨርቅ እንደማሰር ነው። ወጣቱ ይህን አንሥቶ የዲፌንደርን ኦፍላይን ፍተሻ አስጀመረ፤ ይህ ፍተሻ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚካሄድ ሲሆን ሩብ ሰዓት ገደማ ወሰደ። ብሮውዘሩ ላይ ያስቀመጥናቸውን የይለፍ ቃሎች የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራም ተገኘ።

እዚህ ላይ ያደረገውን በተለይ ላመሰግነው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ማሽኑን ትቶ መጀመሪያ ስለ እኛ አሰበ። ኢንተርኔቱን ከኮምፒዩተሩ አቋረጠና፣ ሌሎች የይለፍ ቃሎች የሚታደሱት በኢሜይል በኩል ስለሆነ፣ ከስልካችን ላይ የኢሜይላችንን አስቀድመን እንድንቀይር አደረገ። አካውንታችን ክፍት ከሆነባቸው መሣሪያዎች በሙሉ እንድንወጣም ነገረን፤ የብሮውዘሩን ኩኪ፣ ማለትም መግባታችንን የሚያስታውሰውን ትንሽ ፋይል፣ የወሰደ ሌባ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ሊገባ ይችላልና። በቴሌግራምም ዲቫይስስ ከሚለው ቦታ ከስልካችን በቀር ሁሉንም ዘጋን፤ ባለቤቴም ያንኑ ዕለት ባንኳ ደወለች።

ከዚያም ሰላይ ፕሮግራም ከተገኘ በኋላ በማሽኑ ላይ ሙሉ እምነት ማሳደር እንደማይቻል ገልጾ፣ በዚህ ጊዜ ፎርማት ማድረግ የግድ መሆኑን በግልጽ ነገረን። ሆኖም በመጀመሪያ ሰነዶቻችንን ብቻ፣ ፕሮግራሞቹን ትቶ፣ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጠ። ፈጣን ፎርማት የፋይሉን አድራሻ እንጂ ፋይሉን ራሱን ወዲያው እንደማያጠፋ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሊገኝ እንደሚችል አስረድቶም፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሙሉ ሌሊት ሲያስፈትሽ አደረ። በማግስቱ ከጠፉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹን አወጣልን፤ ከእነርሱም አንዱ እናቴ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ተቀምጣ የተነሣችው ነው። ያን ፎቶ በስክሪኑ ላይ ሳየው መናገር አቃተኝ።

ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ ጫነልን። ማሽኑ ሲገዛ ፈቃዱ አብሮት ስለነበር ክራክ ሳያስፈልግ በራሱ አክቲቬት ሆነ። በክራክ ኦፊስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ተካልን፤ ባለቤቴ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ያወረደችውን የአማርኛ መጻፊያም አልመለሰውም፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ እንዳለው አሳያት። ለመልመድ ጥቂት ቀናት ወሰደባት፤ አሁን ግን የምትጽፈው በእርሱ ነው። ሁላችንም የምንጠቀመው በመደበኛ አካውንት ሲሆን የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል እኔ ዘንድ አለ፤ አዲስ ፕሮግራም ልትጭን የፈለገች ልጄ እኔን ትጠይቃለች። አንቲቫይረስ እንዲሸጥልን ብጠይቀውም፣ ዲፌንደር ክፍት ሆኖ አፕዴት እስከተደረገ ድረስ ለእኛ ቤት እንደሚበቃን ነግሮኝ አልሸጠልኝም።

የጠየቀኝ ክፍያ ለሁለቱ ፎርማቶች ካወጣሁት ድምር ያነሰ ነበር፤ ከአሥር ቀን በኋላም በራሱ ስልክ ደውሎ ማስታወቂያው ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተመለሰም። ወደ እርሱ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ፤ እስከዚያው ማንም ፎርማት እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ፣ ስትሄዱም በቅርቡ የጫናችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት። ልጄ፣ ይህን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የእናቴ ፎቶ ታጥቦ ሳሎናችን ተሰቅሏል።